በአንድ ሰው አንድ ስም

ከቀኑ አስር ሰዓት ሲሆን ወንዙ ዳር እንወጣለን። ቢጫው መስመር ላይ እንቆማለን፣ እጃችንን ወደ ኋላ እናጣምራለን። እጅ ማንሳት ምልክት ነው፤ ምልክት ክልክል ነው። ነጠላዋ የተንሸራተተባት ሴት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ታስተካክላለች። ማዶ ያሉትም እንደኛው ይቆማሉ። በመሃላችን መቶ ሃያ ሜትር አሸዋ አለ፣ ከአሸዋው መሃል ደግሞ ቀጭን ውኃ። ለሃያ ደቂቃ እንተያያለን። ፊሽካ ሲነፋ ወደየቤታችን እንገባለን።

እኔ ለሃያዋ ደቂቃ ከሰባት ሰዓት ጀምሬ ነው የምሰናዳው። መነጽሬን በሳሙና አጥባለሁ። የልጅ ልጄ ሰልማ እኔን ስትፈልግ ጊዜ እንዳታባክን ሁልጊዜ ያንኑ አረንጓዴ ቀሚስ እለብሳለሁ። እሷን ለማግኘት ግን ቀሚስ አያስፈልገኝም። እንደ ሽመላ አንድ እግሯን አጥፋ በሌላው ጉልበቷ ላይ ታሳርፋለች። ስድስት ዓመቷ ሳለ እንደዚያ ነበር የምትቆመው፤ አስራ አንድ ሞልቷትም አልተወችውም። «አውርጂው ልጄ፣ ወገብሽ ይጣመማል» እላለሁ በሆዴ። ብታወርደው ግን ደስ አይለኝም።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በደረሰበት ቀን ሰልማ ማዶ መስመር ላይ ካልወጣች አስራ ዘጠኝ ቀን ሆኗት ነበር።

ስሜ ሶልያና ነው። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። እስከ አስረኛ ክፍል ተምሬ ሠላሳ ዓመት ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ሠርቻለሁ። የኔ ዘመን ሴቶች ሶልያና፣ ሔመን፣ ኤልዳና ነን፤ የአሁኖቹ ልጆች ደብሪቱ፣ ዘለቀ፣ ሙሉነሽ እየተባሉ በእኛ የአሮጊት ስም ይስቃሉ። አንድ ልጅ ነበረችኝ፣ ረድኤት። ማዶ አገባች። ያኔ ማዶ ሩቅ አልነበረም። ቁርሷን እዚህ በልታ ምሳዋን እዚያ የምታበስልበት ዘመን ነው። ባሏ ኢድሪስ በትራክተር መጥቶ ነው የወሰዳት፤ ሚዜዎቹ ተጎታቹ ላይ ቆመው ሲጨፍሩ አንዱ ወድቆ ሰሊጥ ነዶ ላይ አረፈ፣ ስንስቅ ዋልን። ማዶ ወዳለው አገር ወራሪ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ረድኤት ሞተች። ኢድሪስን ለጦርነቱ ወሰዱት፣ ወሬው ጠፋ። ሰልማ ከአክስቷ ከሐሊማ ጋር ቀረች።

እኛ ጎረቤት ነን። የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል ሰው መጀመሪያ ውኃ የሚያርከፈክፈው በራሱ ጣሪያ ላይ ነው፤ መንግሥታችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከወንዙ ጀምሮ ሃያ ኪሎሜትር ያለውን መሬት «የጥንቃቄ ቀበቶ» ብሎ ሰየመው። በቀበቶው ውስጥ ወራሪ አይባልም፤ «ሁለተኛው ወገን» ነው የሚባለው። ጦርነት አይባልም፤ «የማዶ ሁኔታ» ነው። ሙቀጫ መውቀጥ ከቀረ አራት ዓመት ሆነ፤ ድምፁን ከማዶ የሚያዳምጠው መሣሪያ ከሌላ ነገር አይለየውም ተብሎ ነው። በርበሬ ተፈጭቶ በከረጢት ይመጣልናል። ልጆች ትምህርት ቤት ገብተው መጀመሪያ የሚለማመዱት ገለልተኛ ፊት ነው፤ አስር ደቂቃ ሳያዝኑ ሳይስቁ መቆም። የሚስቅ ልጅ አይገረፍም። እንደገና ይጀምራል እንጂ።

ይህን ሁሉ በፌዝ አላየውም። በምሥራቅ በኩል የሚዋሰነን ሌላ ጎረቤት አገር ነበር፤ አንድ መንደሩ ያልተመዘገቡ ሰዎችን አስጠግቶ ተገኘ። ወራሪው ሰበብ ፈላጊ ነው፤ ገባበት። ዛሬ ያንን መንደር የሚጠራው የለም። እኔም ማታ በሬን ስዘጋ የሚታየኝ ያ ነው። ስለዚህ እጅሽን ወደ ኋላ አጣምሪ ሲሉኝ አጣምራለሁ።

ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ሁላችንም ደጃችን ላይ እንቆማለን፤ ወፍ የምንላቸው ሰው አልባ በራሪዎች ከላይ እያለፉ፣ ቤት ውስጥ የቀረውንም ሳይቀር፣ በሰውነታችን ሙቀት ይቆጥሩናል። የእኛ ረድፍ አርባ ሦስት ሰው ነው። ወፎቹ መቁጠር እንጂ መለየት አይፈቀድላቸውም። ድሮ ይለዩ ነበር። ፊታችንም፣ ጣታችንም፣ ደማችንም አንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የኛም የማዶም ቋት ተሰረቀ። ወራሪው ማዶ ሲገባ ዝርዝር ይዞ ነው የገባው፤ የማን ልጅ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደሚተኛ ያውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የእኛ ሹማምንት ማሽን ማመን ተዉ። ቀበቶው ውስጥ የሚታመነው አፍና መሐላ ብቻ ሆነ።

መሻገሪያውም በአፍና በመሐላ ነው። ከሁለተኛው ወገን ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ስልሳ ዓመት ያለፈው የቀበቶ ነዋሪ ከማዶ አንድ የሥጋ ዘመድ መቀበል ይችላል። አንድ ሰው፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ። ስሙን አስቀድሞ ያስመዘግባል። ዘመዱ በገዛ እግሩ ተሻግሮ፣ በረድፉ ሰው ሁሉ ፊት ሰባት ቤት ከቆጠረና አስመዝጋቢው «የኔ ነው» ብሎ ከማለ ይገባል። ካልሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወስደው ድልድዩ መሃል ላይ ያቆሙታል። ከዚያ በኋላ ስላለው የሚናገር የለም።

እኔ ያስመዘገብኩት ሰልማን ነው። ሌላ ማን አለኝ?

ጎረቤቴ ሔመን ደግሞ ያስመዘገበችው ልጇን ናሆምን ነው። ናሆም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጦርነቱ ሲጀመር ማዶ ነበር፣ አምስት ዓመት ሙሉ መስመሩ ላይ ታይቶ አያውቅም። ሔመን ግን አንድ ቀን አትቀርም፤ ከጎኔ ትቆማለች።

«ማንን ነው የምታዪው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ያንቺን። ምን አገባሽ፣ ባያት አታልቅብሽ» አለችኝ።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ማክሰኞ ነበር። ወፎቹ አልፈው ሳይጨርሱ ፊሽካው ሦስት ጊዜ ተነፋ። የረድፋችን ቁጥር አርባ አራት መጥቷል።

ድሮ የአያቶቻችን አያቶች ከብት ሲሰረቅባቸው መንደሩን ሰብስበው፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያደርጉ ነበር። አውጫጪኝ ይሉታል። ከማሽኑ መውደቅ በኋላ ይኸው ሥርዓት ተመለሰ። ሁላችንንም ወደ አሮጌው ሰሊጥ መጋዘን አስገቡንና በሩን ዘጉት። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣ ነበር። ልጆቹ ገለልተኛ ፊታቸውን አድርገው በተርታ ተቀመጡ።

ሔመን ክርኔን ያዘችኝ። «ፊትሽን ሰብስቢ።»

«ምን ሆነ?»

«ሰብስቢ አልኩሽ። ፊትሽ ራዲዮ ነው፤ ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ያልነገርሽኝ ምንድነው ሔመን? ሔመን!»

«ሴት ልጅ ናት። አስራ አንድ ዓመት ይሆናታል። ትናንት ከሰዓት ጎተራዬ ውስጥ ከሰሊጡ ጆንያ ኋላ አገኘኋት። አንቺን ነው የጠየቀችው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በትክክል አላስታውስም። ሔመን ግድግዳው ላይ አስደገፈችኝ። ራሴ ውስጥ የነበረው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሷ ልክ ጫማ የለኝም። አምስት ዓመት ሙሉ ስጠብቃት እንዴት አንድ ጫማ አልገዛሁም? ስንት ቁጥር ይሆን? ማዶ የቆመ ሰው እግር እንዴት ይለካል?

የቀበቶው ሹም አቶ ዘለቀ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ከደጋ የመጣ ልጅ ነው። ትሑት ነው፣ ሁልጊዜ ያልበዋል። ወረቀቱን ከፍቶ እንዲህ ሲል አነበበ፦ «አይቶ የደበቀ፣ ሰምቶ የዋጠ፣ ለራሱ ሳይሆን ለረድፉ ሁሉ ይጠየቃል። ሰው ካለ ይውጣ፤ የሚያውቅ ካለ ይናገር። እስኪታወቅ በሩ አይከፈትም።»

ሔመን ተነሳች። «ምን በር አስዘጋህ ልጄ፣ በሙቀት ልትገድለን ነው? እኔ ጋ ናት። የሶልያና እንግዳ ናት፤ በር ተሳስታ እኔ ጋ ገባች። ጠርታችሁ አምጧት።»

አንዱ ጠባቂ ሄዶ አመጣት። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ከኋላዋ ነበርና መጀመሪያ ያየሁት ቁመቷን ነው። ልክ ነበር። ስትገባ ፊቷን አየሁት።

ሰልማ አልነበረችም።

ሰው በመቶ ሃያ ሜትር ርቀት የልጅ ልጁን ፊት ሊረሳ ይችላል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለአንድ አፍታ ለራሴ ያንን ብዬ ነበር። ግን አይደለችም። ይህችኛዋ ግንባረ ሰፊ ናት፣ ቀኝ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሁለት እግሯን ገጥማ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ነው የቆመችው።

«ስምሽ?» አላት አቶ ዘለቀ።

«ሰልማ።» አማርኛዋ የማዶ ቅላጼ አለው፣ ግን ንጹህ ነው።

«የማን ዘመድ ነሽ?»

«የሐቦባ ሶልያና የልጅ ልጅ ነኝ።» ሐቦባ ማለት በማዶ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ሰልማም እንደዚያ ነበር የምትጠራኝ።

«ቁጠሪ።»

ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። «ሰልማ፣ ረድኤት፣ ሶልያና፣ ስንታየሁ፣ እታገኝ፣ ቢሰውር፣ ደርሶ፣ ወንድይራድ» አለች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም።

አቶ ዘለቀ መዝገቡ ላይ በጣቱ ሲከተል አራተኛው ቤት ላይ ቆመ። እንደገና አስቆጠራት። እንደገና ያንኑ አለች።

«አራተኛው ጫኔ ነው የሚለው» አለ። «እታገኝ ሴት ናት። ከእርስዎ ወዲያ ቆጠራው በአባት ነው፤ መሃል ላይ ሴት ከየት መጣች? እማማ ሶልያና፣ እርስዎ ያስመዘገቡት ጫኔ ብለው ነው።»

እውነቱን ነው። ጫኔ የአባቴ አባት ነው። አባቴን በእናቱ ጀርባ ትቶ የሄደ ሰው ነው፣ መልኩን አላውቀውም። እኔን ያሳደገችኝ ሚስቱ እታገኝ ናት። ሰልማን ትንሽ ሳለች ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳስቆጥራት ጫኔ ሲደርስ ምላሴ እምቢ ይለኝ ነበር፤ እታገኝ ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ ወደ ቢሰውር፣ ማለትም ወደ ጫኔ አባት እቀጥላለሁ። ከምራት ወደ አማት መዝለል ማለት ነው፤ ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ ቢሰማ ይስቅብኝ ነበር። መዝገብ ላይ ግን ሹም ፊት ስለሆነ ጫኔ አልኩ። ሰልማን ላርማት አስቤ ነበር። በሚቀጥለው ስትመጣ አርማታለሁ ስል ወንዙ ተዘጋ።

ከዚህ ዓለም እንዲህ አሳስቶ የሚቆጥር አንድ ሰው ብቻ አለ። ይህች ልጅ ቆጠራውን የተማረችው ከሰልማ አፍ ነው።

«እንዲህ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ጥፋቱ የኔ ነው። እታገኝ ስላሳደገችኝ ነው።»

«እታገኝንማ ማን ይተዋታል!» አለች ሔመን። «ጫኔን ነው እንጂ ማን ያውቀዋል? እሱ ራሱ ቢመጣ ሰባት ቤት አይቆጥርም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ልጆቹ አልሳቁም። አቶ ዘለቀ ላቡን ጠረገና ወደኔ ዞረ። «እማማ፣ ሕጉን ያውቃሉ። ‘የኔ ናት’ ካሉ ስምዎ ተዘጋ። ከዚህ በኋላ ማንም ቢመጣ በእርስዎ በኩል አይገባም። ‘አይደለችም’ ካሉ ግን ስሙ ይቆይልዎታል። ከመማልዎ በፊት አንድ ጥያቄ ሊጠይቋት ይፈቀዳል።»

አንድ ጥያቄ። ሰልማ በሕይወት አለች ወይ ብዬ አልጠይቅ ነገር፣ ሰልማ ይኸውና ፊቴ ቆማለች ተብሏል። ልጅቱ ታየኛለች። ከንፈሯ ደርቋል።

«ልጄ» አልኳት «ስትመጪ ቤት ማን ቀረ?»

ወዲያው ገባት። ይህ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይገርመኛል።

«አክስቴ ሐሊማ አለች። አንዲት የጎረቤት ልጅም አለች። ጣሪያ ወድቆባት እግሯ ተሰብሯል፣ በእንጨት ታስሮላታል። አብረን ልንመጣ ነበር። ‘እንኳን ወንዙን ጓሮውንም አላልፍም፤ አንቺ ቤተሰብ የለሽም፣ አንቺ ሂጂ’ አለችኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ደህና ናት፣ ሐቦባ። ስለያት እየሳቀች ነበር።»

እዚህ ላይ ራሴን ደግ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። «አይደለችም» የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ እግር ቶሎ ይጠገናል፤ ሁለት ወር፣ ቢበዛ ሦስት። በሦስት ወር ሰልማዬ ተሻግራ እዚህ ቆማ ትቆጥር ነበር፣ እኔም ጫማዋን ገዝቼ እጠብቃት ነበር። ይህችን ልጅ አላውቃትም። የማን እንደሆነች አላውቅም። ድልድዩ ላይ የሚያቆማት እኔ አይደለሁም፣ ሕጉ ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ማሰብ ብቻ ሳይሆን ወደድኩት።

ግን ስሙን ሰልማ ራሷ ሰጥታዋለች። እኔ የያዝኩላትን ነገር እሷ ከፍታ አይታ ለሌላ ሰጠችው። ከእጇ ቀምቼ ልመልሰው?

«የኔ ናት» አልኩ።

ቀጥሎ የረድፉ ሰው ተራ በተራ «አውቃለሁ» ማለት አለበት። ውሸት ከሆነ ሁሉም ይነሳል፤ ቤቱን፣ ማሳውን ትቶ ወደ መሃል አገር ይወሰዳል፣ ከወንዙም ይለያል። ሰልማን ትንሽ ሆና የሚያውቋት ቢያንስ አስር ሰው አለ። ሔመን «አውቃለሁ» አለች። ሽማግሌው ጋሽ ኪሩቤል ልጅቱን ቀና ብሎ ሳያይ «አውቃለሁ» አለ። ተራው አቶ ባሮክ ጋ ደረሰ። ሦስት የልጅ ልጆች አሉት፤ ሰልማን በራሱ አህያ ላይ ጭኖ ያዞራት ነበር።

ቆርቆሮው ተንጣጣ።

«ሶልያና» አለኝ በመጨረሻ «የምሥራቁን መንደር ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እነሱም አንድ ልጅ ብለው ነው የጀመሩት።»

«ሰምቻለሁ ባሮክ።»

የልጅ ልጆቹን አየ። ትንሿ ገለልተኛ ፊቷን ለማድረግ እየታገለች አገጯ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አውቃለሁ» አለ ባሮክ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሰላም አይለኝም። አልፈርድበትም።

ቤት ስንደርስ ልጅቱን አጠብኳት፣ ገንፎ ሠራሁላት። ስትበላ አንድ እጇን ሳህኑ ዙሪያ አድርጋ ነው። እውነተኛ ስሟን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት በመዳፌ ከደንኩት።

«አትንገሪኝ። ካወቅሁ አንድ ቀን ከአፌ ያመልጣል።»

«እሷም ‘ሐቦባ እንደዚህ ትላለች’ ብላኝ ነበር» አለች።

ሰልማ አስር ቀን ሙሉ አልጋ ላይ ሆና ነው ያስጠናቻት። ሐቦባ ገንፎ ላይ ቅቤ ታበዛለች፣ እንዳታማርሪ። ሐቦባ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነስታ በር ታያለች፣ እንዳትደነግጪ። ሐቦባ ስትጨነቅ ትቆጣለች፣ የተቆጣች እንዳይመስልሽ። አምስት ዓመት ሙሉ ከሩቅ አያታለሁ ስል እሷ እኔን ይዛኝ ኖራለች።

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። «ልጄ» አልኩት አቶ ዘለቀን «አንድ ሰው ስሙ ከተዘጋ በኋላ ሌላ ዘመድ ቢኖረው...»

«እማማ» አለኝ በፍጥነት፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ። «ውኃ ይጠጣሉ? ሙቀት ነው። እኔ የሰማሁት ነገር የለም።»

ወንዙ ዳር መውጣቴን አልተውኩም። አሁን አንዲት ሰልማ ከጎኔ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች። ማዶ መስመሩ እየሳሳ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ሰው ነበር፣ አሁን አስራ ሰባት ነው። በሽመላ አቋቋም የቆመ የለም። እግሯ ቢጠገንም በየት በኩል ትገባለች? እያልኩ ከዓይኔ እንቅልፍ ጠፋ። ልጅቱን ለጥቃቅኑ ሁሉ እቆጣታለሁ፤ እሷ ግን አትደነግጥም።

በሰባተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሔመን መጣች። ሳትቀመጥ «ቢሮ ነበርኩ» አለች።

«ምን ልታደርጊ?»

«ስም ልቀይር።»

ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ያልተሠራበት ስም ሊቀየር ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሰው መሞቱን አስመዝጋቢው ምሎ ማረጋገጥ አለበት።

«ሔመን፣ ምን አልሽ እዚያ?»

«ናሆም ሞቷል አልኩ።» ያኔ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መዳፏን አየችው። «መጽሐፍ አስመቱኝ። ይኸ ዘለቀ አልቅሶ ሊሞት ነበር፣ እኔን ነው የሚያጽናኑኝ ወይስ እሱን? አልኩ። እንዳታቅፊኝ ሶልያና፣ ካቀፍሽኝ እሄዳለሁ።»

አላቀፍኳትም።

«አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው አልኳቸው፤ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሙሉነሽ ትባላለች፣ ሐሊማ በምትባል ሴት ቤት ናት። ተመዘገበች። በይ ወረቀት አምጪ። የኔ ዓይን መስመር አይይዝም።»

ወደ ማዶ በወር አንድ ደብዳቤ ይፈቀዳል። ወሬ አይጻፍም፣ ቁጥር አይጻፍም፣ ዝናብ ዘነበ ማለት እንኳ አይቻልም። የሚያልፈው ሰላምታ ብቻ ነው። ሰላምታማ የኛ ሰው ሲችልበት! እገሌ ሰላም ይልሻል፣ እገሊት ሰላም ትልሻለች እያለ ገጹን ይሞላዋል፤ መርማሪውም እያዛጋ ያሳልፈዋል። የሞተ ሰው ሰላምታም ግብር የለበትም፤ ማን በሕይወት እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ብዕሩን ያዝኩ። ሔመን ዓይኗን ጨፍና ታስጽፈኝ ጀመር።

«ለልጃችን ለሙሉነሽ፣ በሐሊማ ቤት። አባትሽ...» ቆመች። «አባትሽ ናሆም ሰላም ይልሻል። ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«አያትሽ ሔመን ሰላም ትልሻለች። ቅድመ አያትሽ ታረቀኝ ሰላም ይልሻል። አስናቀ ሰላም ይልሻል። ፈረደ ሰላም ይልሻል። ገላው ሰላም ይልሻል። ወልደሐና ሰላም ይልሻል። የታላላቆችሽን ሰላምታ እንደ ቅደም ተከተላቸው በቃልሽ ያዥልን። እግርሽን ደህና አድርገሽ ተንከባከቢ።»

«እግር አይጻፍም፣ ይቆርጡታል።»

«እንግዲያው ራስሽን በይ።»

ጽሕፈቴን ሰልማ ታውቀዋለች፤ ፊደል ያስቆጠርኳት በዚህ እጅ ነው። ሐሊማ ቤት ሌላ ሴት ልጅ እንደሌለም ታውቃለች። ለሌላ ሰው ሰባት ቤት ያስጠናች ልጅ ሰባት ሰላምታ ምን እንደሆነ ይጠፋታል ብዬ አልሰጋም። ስጋቴ ሌላ ነው። የኔ ስም እዚያ ወረቀት ላይ ከተገኘ፣ የሶልያና የልጅ ልጅ እዚህ እያለች ሶልያና ማዶ ለማን ነው ሰላም የምትለው ይባላል። ሁለቱም ልጆች ይጠፉብኛል። ረድፉም አብሮ።

ሔመንና እኔ ደብዳቤውን ይዘን ሄድን። አቶ ዘለቀ ቀስ ብሎ አነበበው። ናሆም የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ሔመንን አየ፤ እሷ ጣሪያውን ታይ ነበር። አንብቦ ጨርሶ ማኅተሙን አነሳና ቆመ። ከታች ሁለት መስመር ባዶ ነው።

«ቦታ ተርፏል እኮ» አለ፣ እኔን እያየ። «ሌላ ሰላም የሚል ሰው የለም?»

«የለም» አልኩት።